ድንች ዘርታችኋል ተብለው የተከሰሱት የጉጃራት ገበሬዎች፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2019 ሕንድ ውስጥ፣ ጉጃራት በሚባለው ክልል፣ ጥቂት ገበሬዎች ድንች በመዝራታቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሳሹ ሌይስ የተባለውን ቺፕስ የሚያመርተው ፔፕሲኮ ነበር። ከአራቱ ተከሳሾች ከእያንዳንዳቸው የጠየቀው ካሳ 10.5 ሚሊዮን ሩፒ ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 150 ሺህ ዶላር ገደማ። ሰዎቹ ያላቸው መሬት ሦስት ወይም አራት ኤከር ነው፤ በእኛ አነጋገር አምስት ስድስት ጥማድ። አንድ አነስተኛ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ቢያርስ የማያገኘው ገንዘብ ነው።

ዜናውን ያኔ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ግማሹን ነው። ኩባንያው ከሰሰ፣ አገር ጮኸ፣ ኩባንያው ክሱን ተወ። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። እስከ 2024 መጀመሪያ የቀጠለ ሌላ ክርክር አለ፤ ውጤቱም ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው።

ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጽፈው የፈለግሁት እኛም አገር ገበሬው ከፋብሪካ ጋር ውል መግባት ስለጀመረ ነው። የቢራ ገብስ ላይ ለምደነዋል፣ ድንችም ላይ እየመጣ ነው። ውል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ገበሬው የሚፈርመውን ሳያውቅ ሲፈርም ግን ያስጨንቀኛል። የተከሳሾቹን ስም አልጽፍም፣ የዳኞቹንና የተሟጋቾቹንም እንዲሁ፤ ትምህርቱ ያለው ከስማቸው ላይ ሳይሆን ከደረሰባቸውና ካደረጉት ነገር ላይ ነው።

አገሩና ገበያው

ሕንድ ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ድንች አምራች ናት። በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርታለች። አብዛኛው የሚመጣው ከኡታር ፕራዴሽ፣ ከምዕራብ ቤንጋልና ከቢሃር ነው። ጉጃራት በመጠን ከእነሱ ታንሳለች፤ ለፋብሪካ በሚሆን ድንች ግን ስሟ ትልቅ ነው። ሰሜን ጉጃራት ውስጥ ያለችው የዲሳ ከተማ በድንቿ የታወቀች ናት። የክሱ ገበሬዎች ያሉበት የሳባርካንታና የአራቫሊ አካባቢም እዚያው ሰሜን ነው።

እዚያ ድንች የሚዘራው ብርዱ ሲገባ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። የሚወጣው የካቲትና መጋቢት ነው። ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ በመስኖ ይለማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ይህን የሻሸመኔና የአዊ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

የሕንድ ገበሬ ግን አንድ መሸሻ አለው፤ ቀዝቃዛ መጋዘን። ድንቹን ከመጋቢት ጀምሮ ያስገባና ዋጋ ሲሻሻል እያወጣ ይሸጣል። ለዚህም ኪራይ ይከፍላል። ዋጋው ሳይነሳ ከቀረ ሽያጩ ኪራዩንም አይሸፍንም፤ ያኔ ድንቹን መጋዘን ውስጥ ጥሎት የሚቀር ገበሬ አለ። ምርት በተትረፈረፈባቸው ዓመታት ድንች መንገድ ላይ የተደፋበት ጊዜም ነበር።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ አንድ ኩባንያ መጥቶ «ዘሩን እኔ እሰጣለሁ፣ ምርቱን በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ» ሲል ሰሚ ማግኘቱ አይገርምም። ዋጋው ከመዘራቱ በፊት ይታወቃል፤ ገበሬው ሌሊት ተኝቶ ያድራል። ፔፕሲኮ ሕንድ ውስጥ የመጀመሪያውን የቺፕስ ፋብሪካ ያቋቋመው በ1989 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሺህ ገበሬዎች ጋር በዚህ መንገድ ሠርቷል። ተጠቃሚ የሆኑ ገበሬዎች እንዳሉ መካድ አይቻልም፤ ይህን ሳንይዝ ጉዳዩን ብናነበው ግማሹ ይሰወርብናል።

ዝርያው

ለወጥ የሚሆን ድንች ሁሉ ለቺፕስ አይሆንም። ፋብሪካ የሚፈልገው ውኃው ያነሰና ደረቅ ነገሩ የበዛ ድንች ነው። ውኃው ከበዛ ዘይት ይጠጣል፣ ለመጥበስም ጊዜና ጉልበት ይፈጃል። ስኳሩም ዝቅ ማለት አለበት፤ ስኳር የበዛበት ድንች ሲጠበስ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ለምግብ የሚሆነውን ድንች የሚያቆየው የ2 እና የ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለቺፕስ የማይሆነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። የፋብሪካው ድንች ሞቅ ባለ መጋዘን፣ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ፣ እንዳያጎነቁል መድኃኒት ተደርጎለት ይቀመጣል።

የክሱ መነሻ የሆነው ዝርያ ኤፍኤል 2027 ይባላል፤ ገበያ ላይ ደግሞ ኤፍሲ5 በሚል ስም ይታወቃል። አሜሪካ ውስጥ የተዳቀለ ነው። የውኃ መጠኑ 80 በመቶ ገደማ እንደሆነ በጊዜው ተዘግቧል፤ የተለመደው ድንች 85 በመቶ አካባቢ ነው። ሕንድ ውስጥ ለንግድ የገባው በ2009 ሲሆን፣ ኩባንያው በስሙ ያስመዘገበው በ2016 የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው።

ማለትም ዝርያው ከመመዝገቡ በፊት ለዓመታት በገበሬ ማሳ ላይ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ውሉ ያልመለሰው ነገር

ስንዴ ወይም በቆሎ ላይ ዘርና እህል ቢያንስ በአያያዝ ይለያያሉ። ድንች ላይ ግን አንድ ናቸው። የምትበላው ድንች ዓይን አለው፤ ዓይኑ ያጎነቁላል፤ ትቀብረዋለህ፤ ከእናቱ ጋር አንድ የሆነ ድንች ይሰጥሃል። ከሌላ ጋር ተዳቅሎ የሚለወጥበት ነገር የለም። አንድ ጆንያ ድንች ከአንድ መንደር ወደ ሌላው ከሄደ ዝርያው በሙሉ ሄደ ማለት ነው። ኩባንያ ይህን በአጥር ሊከለክለው አይችልም።

ከዚህ ላይ የዘር ወጪ ጨምሩበት። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ የዘር ድንች ያስፈልጋል፤ እንደ አያያዙም ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ለድንች ገበሬ ትልቁ ወጪ ይህ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ገበሬ፣ ጉጃራትም ይሁን ጨንቻ፣ ከምርቱ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን ይለያል።

አሁን ወደ ውሉ። ኩባንያው የሚረከበው ለቺፕስ የሚበቃውን ትልቅ ድንች ነው፤ በጊዜው እንደተዘገበው ስፋቱ ከ45 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን። ከዚያ በታች ያለውስ? ገበሬው እጅ ላይ ይቀራል። ለዘር የሚመቸው ደግሞ በትክክል ይሄ መጠን ነው፤ የእንቁላል ያህል የሆነው። ገበሬው ይዘራዋል፣ ለወንድሙ ይሰጣል፣ ለጎረቤቱ ይሸጣል። ጎረቤቱ ከኩባንያው ጋር ምንም ውል የለውም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ዝርያው ውል በሌላቸው ማሳዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ እነዚያ ገበሬዎችም ምርታቸውን ለሌሎች ቺፕስ አምራቾች ይሸጣሉ።

እኔ እስከሚገባኝ ድረስ የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ዝርያውን የራሱ ብቻ አድርጎ ማቆየት ይፈልጋል፤ አሠራሩ ግን በየዓመቱ የዘር ድንች በገበሬው እጅ ይተዋል።

ክሱ

የመጀመሪያዎቹ ክሶች የተከፈቱት በ2018 በአራቫሊ ነው፤ ተከሳሾቹ አምስት ገበሬዎች፣ የተጠየቀው ካሳ ከእያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ሩፒ። ይህ ብዙም አልተሰማም። ጩኸቱን ያመጣው በሚያዝያ 2019 በሳባርካንታ አራት ገበሬዎች ላይ አሕመዳባድ በሚገኝ የንግድ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የተከፈተው ነው።

ፍርድ ቤቱ ተከሳሾቹ ከመሰማታቸው በፊት ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ዝርያውን እንዳያመርቱና እንዳይሸጡ ታገዱ። ናሙና የሚወስድ የፍርድ ቤት ኮሚሽነርም ተሾመ። የገበሬዎቹ ደጋፊዎች እንደገለጹት ደግሞ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ገዢ መስለው የመጡ የግል መርማሪዎች ማሳ ውስጥ በድብቅ ቪዲዮ ቀርጸዋል፣ ናሙናም ወስደዋል። ድንች ሊገዛ የመጣ የመሰለህን ሰው ታስተናግዳለህ፣ ምርትህን ታሳየዋለህ፣ ከዚያ መጥሪያ ይደርስሃል። ይህ እውነት ከሆነ በጣም ያማል።

ኩባንያው የተናገረውንም ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የተመዘገበ ዝርያ ያለ ፈቃድ መመረቱ በሕንድ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 64 መሠረት ጥሰት ነው አለ። የከሰስሁትም ከእኔ ጋር በውል የሚሠሩትን ሺዎች ጥቅም ለመጠበቅ ነው አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ዝርያ ማውጣት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አዳቃዩ ምንም ካላገኘ ነገ የሚያዳቅል አይኖርም።

ገበሬዎቹ በበኩላቸው ዘሩን ከሌሎች ገበሬዎች እንዳገኙት፣ እንደማንኛውም ዘር እንደዘሩት ተናገሩ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ገበሬዎቹን ያተረፋቸው አንድ ሰው ወይም አንድ እርምጃ አይደለም። ጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ ሕጉን ያነበበ ሰው ተገኘ። የሕንድ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃና የገበሬዎች መብት ሕግ የወጣው በ2001 ነው። ከስሙ እንደምታዩት አዳቃዩንና ገበሬውን አንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። አንቀጽ 39 በግልጽ እንዲህ ይላል፦ ገበሬ የተጠበቀ ዝርያ ዘርን ጨምሮ የእርሻ ምርቱን ማስቀመጥ፣ መጠቀም፣ መዝራት፣ መልሶ መዝራት፣ መለዋወጥ፣ ማካፈልና መሸጥ ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ የንግድ ስም ለጥፎና አሽጎ ዘር መሸጥ። አንቀጽ 42 ደግሞ መብት መኖሩን ሳያውቅ የዘራን ገበሬ ከጥሰት ነጻ ያደርገዋል። ተከሳሾቹ እነዚህ አንቀጾች መኖራቸውን ቀድመው ያውቁ ነበር ብዬ አላስብም። አንድ አነስተኛ ገበሬ አንቀጽ በቁጥር ይዞ አይሄድም።

ሁለተኛ፣ የገበሬ ማኅበራት፣ የዘር ተሟጋቾችና ምሁራን ተሰባሰቡ። ከ190 በላይ ሰዎች የፈረሙበት ደብዳቤ ዝርያዎችን ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ለዝርያ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ተላከ፤ ባለሥልጣኑ በጉዳዩ ጣልቃ ገብቶ የገበሬውን መብት እንዲያስከብር ጠየቁ። የኩባንያውን ቺፕስ አንገዛም የሚል ጥሪም ተሰማ። የጉጃራት ክልል መንግሥት ከገበሬዎቹ ጎን እንደሚቆም አስታወቀ። ጊዜውን እዩት፤ ያ ወር ሕንድ አገራዊ ምርጫ ላይ የነበረችበት ወር ነው። በምርጫ ሰሞን ገበሬን የሚከስ ኩባንያ ጎን መታየት የሚፈልግ ፖለቲከኛ አይገኝም። ያ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ በፍጥነት ይሄድ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ።

በሚያዝያ 26 ቀጠሮ ኩባንያው የእርቅ ሐሳብ አቀረበ። ወይ ወደ እኔ ውል ግቡ፣ ዘር ከእኔ ግዙ፣ ምርቱንም ለእኔ ሽጡ፤ ወይ ይህን ዝርያ ሁለተኛ አንዘራም ብላችሁ ፈርሙ። ገበሬዎቹ እዚያው አልፈረሙም። ለማሰብ ጊዜ ጠየቁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህች እርምጃ ነው። 10.5 ሚሊዮን ሩፒ ላይህ ላይ ተንጠልጥሎ «ፈርምና ሂድ» ስትባል መፈረም ነው የሚቀልለው። ቢፈርሙ ኖሮ ሕጉ የሰጣቸውን መብት በገዛ እጃቸው በወረቀት ይተዉት ነበር፤ ለሚቀጥለው ተከሳሽም መጥፎ ምሳሌ ይሆን ነበር። ብቻቸውን ቢሆኑ መቋቋማቸውን እንጃ። ከጎናቸው ሰው ስለነበረ ቆሙ።

ክሱ ተነሳ

ግንቦት 2 ቀን 2019 ኩባንያው ከመንግሥት ጋር ተነጋግሬ ክሶቹን ላነሳ ተስማምቻለሁ አለ። በቀጣዮቹ ቀናት ክሶቹ ከፍርድ ቤት ወጡ። ገበሬዎቹ እፎይ አሉ። ደጋፊዎቻቸው ግን ይቅርታና ካሳ ይገባቸዋል አሉ፤ ይህንንም ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በእግድና በመጥሪያ የተሰቃየ ሰው ክሱ ስለተነሳ ብቻ የደረሰበት አይሰረዝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ክስ ሲነሳ ፍርድ አይሰጥም። አንቀጽ 39 ከአንቀጽ 64 ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለውን ጥያቄ ያ ፍርድ ቤት አልመለሰውም። ኩባንያውም ክሱን ሲያነሳ ስለ ዘር ጥበቃ ዘላቂ መፍትሔ እንዲፈለግ እንደሚጠብቅ ነው የተናገረው፤ ስህተት ሠርቻለሁ አላለም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን «ገበሬዎቹ አሸነፉ» የተባለው፣ ደስታው ቢገባኝም፣ በሕግ ቋንቋ ትክክል አልነበረም። ክስ ከላያቸው ወረደ እንጂ መብታቸው በፍርድ አልጸናም።

ሁለተኛው ዙር፦ ምዝገባው ራሱ

ይህን ክፍተት ያየች አንዲት የገበሬ መብት ተሟጋች እዚያው 2019 ላይ ወደ ዝርያ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሄደች። አሁን ጥያቄዋ ሌላ ነው፦ ይህ ዝርያ መጀመሪያውኑ በትክክል ተመዝግቧል ወይ? ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያው ሽያጭ ቀን ሕንድ ውስጥ 2009 ተብሎ ነበር የተሞላው፤ ዝርያው ግን ከዚያ በፊት በ2002 ቺሊ ውስጥ ተሸጧል። አዳቃዩ መብቱን ለኩባንያው ማስተላለፉን የሚያሳየው ሰነድም በሚገባ አልቀረበም ተባለ። በዚህ ላይ ክሶቹ ገበሬዎችን ማንገላታታቸው የሕዝብን ጥቅም የሚጎዳ ነው የሚል ተጨመረ።

ታኅሣሥ 2021 ላይ ባለሥልጣኑ ምዝገባውን ሰረዘ። በዓለም ዙሪያ ትልቅ ዜና ሆነ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ሐምሌ 2023 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ይግባኙን ውድቅ አደረጉት። ኩባንያው እንደገና እዚያው ፍርድ ቤት ሁለት ዳኞች ወደሚያስችሉበት ችሎት ወሰደው። ጥር 2024 ላይ ይህ ችሎት ስረዛውን ሻረ፤ በማመልከቻው ላይ የታዩት ጉድለቶች ምዝገባ ለማሰረዝ የሚበቁ አይደሉም፣ ክስ መክፈትም በራሱ ከሕዝብ ጥቅም ጋር መጋጨት አይደለም አለ። ኩባንያው ምዝገባው እንዲታደስለት ላቀረበው ጥያቄም መንገዱ ተከፈተለት።

ዛሬም በይነመረብ ላይ በ2021 የቆመ ወሬ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው ፍጥነትና ብዛት ነው። እግዱ ከወጣበት ኩባንያው ክሱን አነሳለሁ እስካለበት ቀን አንድ ወር አልሞላም። በተራ የፍርድ ቤት አካሄድ ቢሆን ገበሬዎቹ ለዓመታት ይመላለሱ ነበር፤ ቢያሸንፉም ለጠበቃና ለመንገድ ያወጡት ያደኸያቸው ነበር። ሕጉ ላይ ግልጽ አንቀጽ መኖሩም ሠርቷል። አንቀጽ 39 ባይኖር ጩኸቱ የሚደገፍበት ነገር አይኖረውም ነበር፤ ሰው የሚያዝንላቸው ግን የሚከራከርላቸው የማያገኙ ድሆች ይሆኑ ነበር። ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሠሩት።

ያልሠራው የምዝገባው መንገድ ነው፤ ወይም ቢያንስ የታሰበለትን ያህል አልሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የገበሬው መብት ጥያቄ በቀንና በሰነድ ጉድለት ላይ ተሳፍሮ ሄደ፤ የቀንና የሰነዱ ጉድለት ትንሽ ነው ሲባል ዋናው ጥያቄም አብሮ ወረደ። ተሟጋቿን መውቀሴ አይደለም፤ ያላት በር እሱ ነበር፣ ባትሄድበት ደግሞ ማንም አይሄድበትም ነበር። ደግሞም የምዝገባው መመለስ አንቀጽ 39ን አልነካውም። ዝርያው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ገበሬውም ዘሩን የመጠቀም መብቱ በሕጉ ላይ እንዳለ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጡ ግን የሚወስነው የሚቀጥለው ክስ ነው።

ለኩባንያውም ቢሆን የሠራ አይመስለኝም። የሚገዛህ ሕዝብና ድንች የሚያበቅልልህ ገበሬ አንድ አገር ውስጥ ሆነው ሳለ ገበሬውን መክሰስ ስም ያጠፋል። ትንንሾቹን ድንቾች በጥሩ ዋጋ ገዝቶ ቢወስድ ከጠበቃና ከመርማሪ ያነሰ ያወጣ ነበር።

ለእኛ የሚሆነው

እኛ አገር የድንች ዘር አብዛኛው ከገበሬ ወደ ገበሬ ነው የሚሄደው። በለጠ፣ ጉደኔ፣ ጃለኔ የምንላቸው ዝርያዎች በመንግሥት ምርምር ማዕከል በኩል የወጡ ናቸው፤ ማንም ከጎረቤቱ ወስዶ ቢዘራ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ «ዘር ዘራህ ተብሎ መከሰስ» ለገበሬያችን እንግዳ ነገር ነው። እንግዳ መሆኑ ነው አደጋው። ፋብሪካ የራሱን ዝርያ ይዞ ሲመጣ ገበሬው እንደ ጉደኔ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ውል የሚያስፈርም ማኅበር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋውን ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የማይረከበው ድንች፣ ያነሰው፣ የተቆረጠው፣ ቅርጹ የተጣመመው፣ የማን ነው? መብላት ይቻላል? ገበያ ላይ መሸጥ ይቻላል? ለዘር ማስቀረትስ? ፋብሪካው አይቻልም ካለ ትንንሹንም በዋጋ ይረከብ፤ ይህ በጽሑፍ ይግባ። «እሱማ ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ፣ መልሱን የሰጠው ሰው ከሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ሌላው ሕጉ ነው። ኢትዮጵያ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው፤ በ2017 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተክቷል። ለገበሬዎች የሚሰራ የልማት ሠራተኛ፣ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ የወረዳ የሕግ ባለሙያ፣ ይህን አዋጅ ከፍቶ ስለ ገበሬ የሚለውን ክፍል ማንበብ አለበት። ጉጃራት ውስጥ ሕጉን ያነበቡት ሰዎች ክሱ ከመጣ በኋላ ነው የደረሱት፤ እነሱ ፈጥነው ስለሮጡ ተሳካ። እኛ ያን ያህል የሚሮጥ የዘር ተሟጋች ማኅበር በየክልሉ የለንም፣ ስለዚህ ቀድሞ ማንበቡ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የማኅበሩ አባላት ተስማምተው አንድ ነገር ቢይዙም ጥሩ ነው፦ መጥሪያ ወይም የእርቅ ወረቀት የመጣለት አባል ብቻውን አይፈርምም። ለማኅበሩ ያሳያል፣ ማኅበሩ የሕግ ሰው ያማክራል፣ ከዚያ መልስ ይሰጣል። ከጉጃራቱ ሰዎች ይህን መውሰድ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ተራ ነገር ነው፣ ግን ክርክር ሲመጣ ብዙ ያግዛል። ዘር ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ከማን፣ መቼ፣ ስንት ኩንታል፣ በምን ስም እንደተሰጣችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሰጪውም ይፈርም። ሳላውቅ ነው የዘራሁት የሚል ሰው አለማወቁን የሚያሳይበት ነገር ያስፈልገዋል። ማኅበሩ አንድ የዘር መዝገብ ከፍቶ በየዘር ወቅቱ ቢሞላው ይበቃል፤ የዘሩን ጥራትና የበሽታውን መነሻ ለመከታተልም ያው መዝገብ ያገለግላል።